አበባ በማይንክራፍት፦ ከየት ይገኛል? ለምንስ ይውላል?

ማይንክራፍትን የሚጀምር ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት አበባን ሳያስተውል ረግጦት ያልፋል። ዛፍ ይቆርጣል፣ ድንጋይ ይፈልጣል፣ ሲመሽ ከሚወጡት ጭራቆች የሚሸሸግበትን ጎጆ ለመቀለስ ይጣደፋል፤ በሣሩ መካከል ቀይና ቢጫ ሆነው የሚታዩት ትንንሽ አበቦች መልክዓ ምድሩን ከማሳመር ያለፈ ሥራ ያላቸው አይመስለውም። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ውስጥ አብዛኛው ቀለም የሚወጣው ከአበባ ነው፤ ንብ የሚረባውና ማር የሚቆረጠው በአበባ ነው፤ ረኀብን ለረጅም ጊዜ ከሚያስታግሱት ምግቦች አንዱም ያለ አበባ አይሠራም። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ እያንዳንዱ አበባ የሚበቅልበት የራሱ ስፍራ ያለው መሆኑ ነው። ይህን ሥርዓት የተረዳ ተጫዋች አንድ ቀለም ፍለጋ ዓለሙን ሲያስስ አይውልም፤ የሚፈልገውን አበባ በሚፈልገው መጠን ያበቅላል።

ልጆቻቸው ስልክ ላይ አቀርቅረው ምን እንደሚሠሩ ለሚጠይቁ ወላጆች ስለ ጨዋታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ማይንክራፍት በስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የቀረበ፣ በ2011 የተሟላ እትሙ የወጣ፣ በ2014 ደግሞ ማይክሮሶፍት አዘጋጁን ሞያንግን በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ አብሮ የተላለፈ ጨዋታ ነው። ዓለሙ ጎናቸው አንድ ሜትር እንደሆነ በሚታሰብ ብሎኮች የተገነባ ሲሆን ተጫዋቹ ብሎኮቹን እየነቀለ ይሰበስባል፣ መልሶም እየደረደረ የፈለገውን ይሠራል። ክሪኤቲቭ በሚባለው የአጨዋወት ስልት ሁሉም ነገር በነጻ ስለሚቀርብ የአበባ ጥቅም ጎልቶ አይታይም። ሰርቫይቫል በሚባለው ግን ተጫዋቹ ይራባል፣ ይቆስላል፣ ይሞታል፤ የሚያስፈልገውንም ሁሉ ከምድሩ ማግኘት አለበት። ከዚህ በታች የሚነገረው በሙሉ ሰርቫይቫልን የሚመለከት ነው። ከዚህም ሌላ ጨዋታው ሁለት ዋና ዋና እትሞች አሉት፤ ጃቫ የሚባለው በኮምፒውተር የሚሠራ ሲሆን ቤድሮክ የሚባለው በስልክ፣ በታብሌትና በመሳሰሉት መሣሪያዎች ላይ ይሠራል። እዚህ ሐዋሳ የማውቃቸው ታዳጊዎች አብዛኞቹ በስልክ ስለሚጫወቱ የያዙት ቤድሮክን ነው፤ በሁለቱ እትሞች መካከል አበባ ለሚያበቅል ሰው ትልቅ ትርጉም ያለው ልዩነት ስላለ ቦታው ሲደርስ እናነሣዋለን።

ጨዋታው ሲጀመር በውስጡ የነበሩት አበቦች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ቀይ ጽጌረዳ፣ ሌላው ዳንደላየን የሚባለው ቢጫ አበባ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ትልቅ ማሻሻያ ላይ ግን ብሉ ኦርኪድ፣ አሊየም፣ አዙር ብሉት፣ ባለ አራት ቀለም ቱሊፕና ኦክስአይ ዴዚ የተጨመሩ ሲሆን፣ ቀዩ ጽጌረዳ ስፍራውን ፖፒ ለሚባለው አበባ ለቀቀ። በዚያው ጊዜ ሁለት ብሎክ የሚያህል ቁመት ያላቸው የሱፍ አበባ፣ ላይላክ፣ ፒዮኒና የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ገቡ። ኮርንፍላወር፣ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊና ዊዘር ሮዝ በ2019 ተከተሉ። ከዚያ ወዲህም በየማሻሻያው አዳዲስ አበቦች እየተጨመሩ ነው። አንባቢ ከዚህ ዝርዝር አንድ ነገር ቢይዝ ይበቃል፤ ይኸውም አበቦቹ አንድ ብሎክ የሚሞሉ አጫጭሮችና ሁለት ብሎክ የሚሞሉ ረጃጅሞች ተብለው መከፈላቸው ነው። ክፍፍሉ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አጭሩና ረጅሙ የሚራቡበት መንገድ ይለያያል፣ የሚሰጡት የቀለም መጠን ይለያያል፣ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ ሊተከል የሚችለውም አጭሩ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የማይንክራፍት ዓለም ባዮም በሚባሉ ክልሎች የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ባዮም የራሱ አየር ንብረት፣ የራሱ ዛፎችና የራሱ አበቦች አሉት። ዳንደላየንና ፖፒ ሣር ባለበት ስፍራ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚገኙ ማንም አይቸገርባቸውም። ብሉ ኦርኪድ ግን ረግረግ መሬትን ብቻ ነው የሚወደው፤ ተጫዋቹ ሜዳውንና ደኑን ሲያካልል ቢከርም አንድም አያገኝም። ቱሊፕ፣ ኮርንፍላወር፣ አዙር ብሉትና ኦክስአይ ዴዚ በገላጣ ሜዳ ላይ ይበቅላሉ። አሊየም የሚገኘው በተራራ ግርጌ ባለው ለምለም መስክና በአበባ ደን ውስጥ ነው። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የደን አበባ ነው፤ ላይላክ፣ ፒዮኒና የጽጌረዳ ቁጥቋጦም እንደዚሁ በደን ውስጥ ይገኛሉ። የሱፍ አበባ ደግሞ በስሙ የሚጠራ ልዩ ሜዳ አለው። በነገራችን ላይ በጨዋታው ውስጥ ያለው የሱፍ አበባ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ስለሚቆም ኮምፓስ የሌለው ተጫዋች አቅጣጫ ይለይበታል። ይህም ከእውነተኛው ተክል ጠባይ የራቀ አይደለም፤ በማሳ ላይ ያለ የሱፍ አበባ ለጋ ሳለ ፀሐይን ተከትሎ ይዞራል፣ ሲጎመራ ግን በአመዛኙ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀራል።

ከባዮሞቹ ሁሉ ለየት ብሎ ሊታይ የሚገባው የአበባ ደን የሚባለው ነው። በዚህ ስፍራ ዳንደላየን፣ ፖፒ፣ አሊየም፣ አዙር ብሉት፣ አራቱ ቱሊፖች፣ ኦክስአይ ዴዚ፣ ኮርንፍላወርና ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ፣ በድምሩ 11 ዓይነት አጫጭር አበቦች በአንድነት ይገኛሉ። ላይ ላዩን ሲታዩ እንዲሁ በዘፈቀደ የተበተኑ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ግን ቀዩ ቱሊፕ በአንድ ወገን በዝቶ፣ ጥቂት እርምጃ አልፎ ብርቱካናማው እንደሚተካው፣ ከዚያም ነጩ እንደሚቀጥል ይረዳል። ምክንያቱ ጨዋታው በዚህ ባዮም ውስጥ የአበባውን ዓይነት የሚወስነው ከቦታው አቀማመጥ በሚሰላ ቀመር መሆኑ ነው። ስለዚህ በአንድ ነጥብ ላይ አሊየም ከበቀለ፣ ያ ነጥብ የአሊየም ነጥብ ነው፤ ተነቅሎ እንደገና ቢበቅልም አሊየም ሆኖ ነው የሚመለሰው። ብዙ ተጫዋቾች ይህን ስለማያውቁ አበባውን ለቅመው ይሄዱና በሌላ ጊዜ ያንኑ ፍለጋ ሌላ ደን ያስሳሉ። ይልቅ የሚሻለው ነጥቡን ምልክት አድርጎ መያዝ ነው።

እንደገና የሚበቅለው በምንድን ነው? በአጥንት ዱቄት ነው። በሌሊት የሚወጡት አጽሞች ሲገደሉ አጥንት ይጥላሉ፤ አንድ አጥንት ሦስት እጅ የአጥንት ዱቄት ይወጣዋል። አጽም መዋጋት የማይፈልግ ሰው ኮምፖስተር በሚባለው የብስባሽ በርሜል ውስጥ ቅጠል፣ ዘርና የተረፈ ሰብል እየጨመረ ዱቄቱን ማግኘት ይችላል። የአጥንት ዱቄት በውኑም ዓለም ፎስፈረስ ለመስጠት የሚውል ማዳበሪያ ስለሆነ የጨዋታው አዘጋጆች ከግብርና የወሰዱት ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። ዱቄቱ በሣር ብሎክ ላይ ሲነሰነስ በዙሪያው ሣርና አበባ ይፈላል። የሚፈላውም አበባ የዚያ ባዮም አበባ ነው፤ ረግረግ ላይ ከሆነ ብሉ ኦርኪድ፣ በአበባ ደን ውስጥ ከሆነ ለነጥቡ የተመደበው አበባ ይወጣል። ረጃጅሞቹ አበቦች በዚህ መንገድ አይወጡም፤ ይልቁንም ዱቄቱ በራሳቸው ላይ ሲደረግ ተክሉ ሳይነካ አንድ ተመሳሳይ አበባ መሬት ላይ ይጥላሉ። አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ብቻ ከደን አምጥቶ በጓሮው የተከለ ሰው፣ ዱቄት እስካለው ድረስ ቀይ ቀለም አያጣም ማለት ነው።

ቀደም ሲል የተጠቀሰው የእትሞች ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቤድሮክ የአጥንት ዱቄት በአንድ አጭር አበባ ላይ ሲደረግ በዙሪያው ባለው ሣር ላይ ያንኑ ዓይነት አበባ ያባዛል፤ ዊዘር ሮዝ ግን በዚህ አይገዛም። በጃቫ ግን አጭር አበባ ላይ ዱቄት ቢደረግ ምንም አይሆንም፤ ተጫዋቹ አበባው ወዳለበት ባዮም ሄዶ ሣሩ ላይ መነስነስ ግድ ይለዋል። በስልክ የሚጫወት የሐዋሳ ልጅ በዚህ ረገድ በኮምፒውተር ከሚጫወተው ይልቅ ሥራ ይቀልለታል፤ ከሩቅ ረግረግ አንድ ብሉ ኦርኪድ ይዞ ቢመለስ በደጁ ሊያረባው ይችላል። ከኮምፒውተር ተጫዋቾች የተቀዱ መመሪያዎችን እያዩ በስልክ የሚጫወቱ ልጆች ይህን ዕድል ሳያውቁት መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

አበባ በብዛት ሲኖር የመጀመሪያው ጥቅም ቀለም ነው። በጨዋታው 16 ቀለሞች አሉ። አበባው በመሥሪያው ሰንጠረዥ ላይ ብቻውን ሲቀመጥ ያለ ምድጃና ያለ ማገዶ ወደ ቀለም ይለወጣል፤ አጭር አበባ አንድ፣ ረጅም አበባ ሁለት ቀለም ይሰጣል። ዳንደላየንና የሱፍ አበባ ቢጫ፣ ፖፒ፣ ቀይ ቱሊፕና የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ቀይ፣ ብርቱካናማው ቱሊፕ ብርቱካናማ፣ ሮዝ ቱሊፕና ፒዮኒ ሮዝ፣ አሊየምና ላይላክ ማጀንታ፣ ብሉ ኦርኪድ ውሃ ሰማያዊ፣ ኮርንፍላወር ደማቅ ሰማያዊ፣ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ነጭ፣ ዊዘር ሮዝ ጥቁር ይሆናሉ። ጀማሪውን የሚያሳስተው ነጩ ቱሊፕ ነው፤ በመልኩ ነጭ ሆኖ ሳለ የሚሰጠው ፈዛዛ ግራጫ ነው። አዙር ብሉትና ኦክስአይ ዴዚም እንደዚሁ ናቸው።

የእህቴ ልጅ ከታናሽ እህቱ ጋር ሆኖ የሐዋሳን ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ በማይንክራፍት ሲሠራ፣ ለመዝናኛ ጀልባዎቹ ጣሪያ ሰማያዊ ቀለም አለቀበት።

«አጎቴ፣ ላፒስ ፍለጋ ዋሻ መውረድ አለብኝ፤ ብሞት ዕቃዬን ሁሉ አጣለሁ» አለኝ።

«ዋሻ ምን ያደርግልሃል? ከኋላህ ያለው ሜዳ ላይ እኮ ኮርንፍላወር ሞልቷል» አልኩት።

ዞር ብሎ ተመለከተ፤ ከመንደሩ አጥር ወዲያ ጫፋቸው የተሰነጣጠቀ ሰማያዊ አበቦች በሣሩ መካከል ቆመዋል። እስከ 2019 ድረስ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው ከመሬት በታች ከሚቆፈረው ላፒስ ላዙሊ ብቻ ነበር፤ ነጭ ከአጥንት ዱቄት፣ ጥቁርም ስኩዊድ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ቀለም ነበር የሚገኘው። እነዚያ ምንጮች ዛሬም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ገና ጋሻና ሰይፍ ያልያዘ ልጅ ሕይወቱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሰማያዊ ጀልባ መሥራት የቻለው በኮርንፍላወር ነው።

ያም ሆኖ አበባ ሁሉንም ቀለም አይሰጥም። አረንጓዴን ለማግኘት ከበረሃ የመጣ ቁልቋል በምድጃ መጠበስ አለበት፤ ቡናማ ከካካዎ ፍሬ ነው የሚገኘው። ለምለም አረንጓዴው አረንጓዴና ነጭ ተቀላቅለው፣ ወይንጠጁ ደግሞ ቀይና ሰማያዊ ተቀላቅለው ይገኛሉ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሰንደቅ ለመስቀል የሚፈልግ ልጅ ሁለቱን ከደጁ ከዳንደላየንና ከፖፒ ቢያገኝም፣ የላይኛውን ቀለም ለማምጣት በረሃ ድረስ መሄዱ የማይቀር ነው።

ቀለሙ ምን ላይ እንደሚውል ማሰብም ይገባል፤ ምክንያቱም የአበባው ፍጆታ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሱፍ አንድ በአንድ ከተቀለመ ለእያንዳንዱ ብሎክ አንድ ቀለም ይበላል፤ ትልቅ ግድግዳ ለማልበስ እጅግ ብዙ አበባ ይጠይቃል። መስታወትና የተተኮሰ ሸክላ ግን በአንድ ቀለም ስምንት ብሎክ ይቀለማሉ። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው፤ አራት አሸዋ፣ አራት ጠጠርና አንድ ቀለም ተደባልቀው ስምንት ብሎክ የኮንክሪት ዱቄት ይሰጣሉ፣ ዱቄቱም ውሃ ሲነካው ይጠነክራል። ኮንክሪት በእሳት ስለማይቀጣጠልና ቀለሙ ጥርት ያለ ስለሆነ፣ እንደ እኔ አስተያየት ለቤትና ለመንገድ ግንባታ ከሱፍ ይልቅ እሱ ይመረጣል።

ሱፍ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ብልኀቱ ብሎኩን መቀለም ትቶ በጉን መቀለም ነው። ተጫዋቹ ቀለሙን ይዞ በጉን ሲነካው የበጉ ጠጉር በሙሉ ያን ቀለም ይይዛል። በመቀስ ሲሸለት ከአንድ እስከ ሦስት ብሎክ ባለቀለም ሱፍ ይሰጣል፤ ከዚያም ሣር ሲግጥ የሚያበቅለው አዲስ ጠጉር ያንኑ ቀለም ይዞ ይወጣል። በአንድ አበባ የተቀለመ በግ ዕድሜውን ሙሉ ያንን ቀለም ያመርታል ማለት ነው። ግልገሉም የወላጆቹን ቀለም ይወርሳል፤ ቀይና ቢጫ በጎች ቢዳቀሉ የሁለቱን ቅልቅል፣ ብርቱካናማ ግልገል ያስገኛሉ። ለመንጋው ሰፋ ያለ ሣራማ ጋጣ ማዘጋጀት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ ሣር ያጣ በግ ጠጉር አያበቅልምና።

ሁለተኛው ጥቅም ምግብ ነው። አንድ ቀይ እንጉዳይ፣ አንድ ቡናማ እንጉዳይ፣ አንድ የእንጨት ሳህንና አንድ አጭር አበባ በአንድ ላይ ሲደረጉ ሰስፒሺየስ ስቱ የሚባለው ወጥ ይሠራል። አራት ነገር ብቻ ስለሚጠይቅ ትልቁ የመሥሪያ ጠረጴዛ እንኳ አያስፈልግም፤ ተጫዋቹ በራሱ ቦርሳ ውስጥ ባለችው አነስተኛ ሰንጠረዥ ላይ ያዘጋጀዋል። ወጡ በየትኛውም አበባ ቢሠራ መልኩ አንድ ነው፤ የሚያሳድረው ነገር ግን እንደ አበባው ይለያያል፤ በሰርቫይቫልም ውስጥ ምን እንዳለበት በላዩ ተጽፎ አይታይም። ስለዚህ ከሌላ ተጫዋች የተቀበሉትን ወጥ ሳይጠይቁ መጠጣት አደጋ አለው፤ የራስን ወጥም ዓይነት በዓይነት ለየብቻ ሣጥን ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

በዳንደላየን ወይም በብሉ ኦርኪድ የተሠራው ወጥ ከሁሉም የላቀ ነው። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት በጨዋታው ውስጥ ረኀብ እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ይገባል። ተጫዋቹ በማያ ገጹ ላይ የሚያየው የዶሮ እግር ምልክት የሚታየው መጠን ነው፤ ከጀርባው ግን ሳቹሬሽን የሚባል የማይታይ የጥጋብ መጠን አለ። ሰው ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲዋጋ መጀመሪያ የሚቀንሰው ይህ ስውር መጠን ነው፤ የሚታየው የሚነካው ስውሩ ሲያልቅ ነው። የእነዚህ ሁለት አበቦች ወጥ ይህን ስውር መጠን በእጅጉ ይሞላል፤ ስለዚህ አንድ ሳህን የጠጣ ሰው ለረጅም ጊዜ አይራብም። ዳንደላየን በየሜዳው የሚገኝ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ የሚያስደስት ያደርገዋል። በኦክስአይ ዴዚ የተሠራው የቆሰለ ሰው ጤናው ጥቂት እንዲያገግም ይረዳል። የተቀሩት ግን የሚቆዩት ለሴኮንዶች ስለሆነ ብዙም አልመክራቸውም፤ አሊየም ከእሳት ይከላከላል፣ ፖፒ በጨለማ ያሳያል፣ ኮርንፍላወር ከፍ አድርጎ ያዘልላል፤ ሁሉም ግን ተጀምሮ ወዲያው የሚያልቅ ነው። በአንጻሩ አዙር ብሉት ዓይን ያሳውራል፣ ቱሊፕ አቅም ያሳጣል፣ ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ ይመርዛል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ በውኑም ዓለም ልብን የሚጎዳ መርዝ ያለበት ተክል ነው፤ በጨዋታው መርዛማ የሆነውም በከንቱ አይደለም። ነገር ግን በጨዋታው የሚጠቅመው አበባ ሁሉ በውን ይበላል ማለት አይደለም። በየመንደራችን ጥግ ራሱን ችሎ የሚበቅለው አስተናግር ነጭ አበባው ሲያምር፣ ለሚበላው ሰው እጅግ አደገኛ ነው። ትንንሽ ልጆች ከስክሪን ያዩትን በጓሮ መሞከር ስለሚወዱ፣ ወጡ የጨዋታ ብቻ መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ከታላላቆቻቸው ይጠበቃል።

ሌሎቹን አነስተኛ አገልግሎቶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ጥንቸል በዳንደላየን ይረባል። ኦክስአይ ዴዚ ከወረቀት ጋር ሲሆን በሰንደቅ ላይ የአበባ ቅርጽ ለማተም የሚያገለግል ንድፍ ይሆናል። በመንደሮች የሚዘዋወረው የብረት ጠባቂ ለመንደሩ ልጆች ፖፒ ሲዘረጋላቸው ይታያል፤ ይህ ምንም ጥቅም የማይሰጥ ቢሆንም ከጨዋታው ትዕይንቶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ነው። ጥቁሩ ዊዘር ሮዝ ከዚህ ፍጹም ይለያል፤ በየትኛውም ባዮም አይበቅልም፣ የሚገኘው ዊዘር የሚባለው ባለ ሦስት ራስ ጭራቅ ሌላ ፍጡር ሲገድል ብቻ ነው፣ የነካውንም ሁሉ ይጎዳል። ጀማሪ ለጥቁር ቀለም ብሎ ይህን ጭራቅ ሊጠራ አይገባም፤ ስኩዊዱ ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተጨመሩት ቶርችፍላወርና ፒቸር ፕላንትም በዱር አይገኙም፤ ዘራቸውን ስኒፈር የሚባለው ትልቅ እንስሳ ከመሬት እያሸተተ ያወጣዋል።

የቀረው ንብ ነው፤ ይህ ደግሞ ሰፋ ብሎ ሊነገር የሚገባው ነው። ንብ ወደ ጨዋታው የገባችው በ2019 መጨረሻ ነው። በሜዳና በአበባ ደን ባሉ ዛፎች ላይ የንብ ጎጆ ተንጠልጥሎ ይገኛል፤ በአንዱ ጎጆ ውስጥ እስከ ሦስት ንቦች ይኖራሉ። ንቦቹ ሲነጋ ይወጣሉ፣ አበባ ላይ ያንዣብባሉ፣ የአበባ ብናኝ ተሸክመው ይመለሳሉ፤ ሲመሽና ሲዘንብ ከጎጆአቸው አይወጡም። ብናኝ ይዛ የገባች ንብ ጎጆው ውስጥ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታ ስትወጣ የማሩ መጠን በአንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ አምስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ማሩ ከጎጆው መንጠባጠብ ስለሚጀምር በዓይን ይታያል። ያን ጊዜ በብርጭቆ ጠርሙስ ማር መቅዳት፣ በመቀስ ደግሞ ሦስት የማር እንጀራ መቁረጥ ይቻላል። ስለዚህ በጎጆው አቅራቢያ አበባ በዛ ብሎ ከተተከለ ንቧ የምትሄደው መንገድ ያጥራል፣ ማሩም ቶሎ ይሞላል። አበባ ጨርሶ ከሌለ ማር የለም።

ማሩን ሲቆርጡ ግን ንቦቹ ይቆጣሉ፤ ይነድፋሉ፣ መርዙም ተጫዋቹን ይጎዳዋል፣ የነደፈችውም ንብ ብዙ ሳትቆይ ትሞታለች። መድኃኒቱ ጭስ ነው። ማር ቆራጭ ቀፎውን በጭስ አጥኖ እንደሚቀርበው ሁሉ፣ ተጫዋቹም ካምፕፋየር የሚባለውን የእንጨት እሳት ከጎጆው በታች ማኖር አለበት፤ ከአምስት ብሎክ ባልበለጠ ርቀት ላይ ካለ ጭሱ ይደርሳል፣ ንቦቹም ማራቸው ሲቆረጥ ዝም ይላሉ። ንቦቹ ወደ ነበልባሉ ገብተው እንዳይቃጠሉ እሳቱን በምንጣፍ መሸፈን ይበጃል፤ ጭሱ በምንጣፉ አልፎ ይወጣል።

ማሩ ረኀብን ከማስታገሱ በላይ የተመረዘን ሰው ይፈውሳል። የማር እንጀራው ከክር ጋር ሻማ ይሆናል፤ በመዳብ ብሎክ ላይ ሲቀባ መዳቡ እንዳይዝግና ቀለሙ እንዳይለወጥ ይጠብቀዋል። ሦስት የማር እንጀራና ስድስት ሳንቃ ሲገናኙ ደግሞ አዲስ ቀፎ ይሠራል። ንቦቹን ለማብዛት ለሁለት ንቦች አበባ ማብላት በቂ ነው። ወደ ሌላ ስፍራ ለመውሰድም አበባ በእጅ ይዞ መሄድ ነው፤ ንቦቹ ይከተላሉ። በእርሻ ላይ ያላቸው ጥቅም ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ብናኝ የተሸከመች ንብ በስንዴ፣ በድንችና በካሮት ማሳ ላይ ስታልፍ ሰብሉን ታሳድገዋለች፣ በአንድ ጉዞም እስከ አሥር ጊዜ ይህን ማድረግ ትችላለች። አበባውን ከማሳው ወዲያ፣ ቀፎውን ከማሳው ወዲህ ያደረገ ተጫዋች ንቦቹ ሲመላለሱ የግድ በሰብሉ ላይ እንዲያልፉ ያደርጋል።

መኖሪያው በበረዶ ወይም በበረሃ አካባቢ የሆነና በአቅራቢያው አንድም የንብ ጎጆ የማያገኝ ተጫዋችም ተስፋ አይቆርጥም። የኦክ ወይም የበርች ችግኝ ይተክላል፤ ከችግኙ ከሁለት ብሎክ ባልራቀ ቦታ፣ በእኩል ከፍታ ላይ፣ ማንኛውንም አበባ ያኖራል፤ ከዚያም ችግኙ እስኪያድግ ይጠብቃል ወይም የአጥንት ዱቄት ያደርግለታል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ዛፍ ንቦች ያሉበት ጎጆ ይዞ የመውጣት ዕድሉ 5 በመቶ ነው። አንዱ ዛፍ ባዶውን ከወጣ ይቆረጣል፣ ሌላ ችግኝ ይተካል፤ አበባው ግን ከስፍራው መነቀል የለበትም።